ለጓሮ አትክልት ግብዓት ነጋዴ ያጡ ሦስት ከተሞች

ግማሽ ኪሎ የሽንኩርት ዘር የያዘ አንድ ቆርቆሮ ስንት መሬት ይሸፍናል? ለአንድ ሄክታር ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዘር ይበቃል የሚለውን የተለመደ የባለሙያ ምክር ከተከተልን፣ አንዱ ቆርቆሮ ከ1,200 ካሬ ሜትር በላይ ያለብሳል ማለት ነው። ወልድያ ውስጥ 100 ካሬ ሜትር ጓሮ ላላቸው አንዲት ወይዘሮ ግን የሚያስፈልጋቸው 40 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው 460 ግራም የት ይግባ? የሽንኩርት ዘር ቶሎ የሚያረጅ ዘር ነው። ከተከፈተ በኋላ ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ለከርሞ የመብቀል ኃይሉ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ወይዘሮዋ ወይ የማይጠቀሙበትን ዘር በሙሉ ዋጋ ይገዛሉ፣ ወይ ዝርያው ያልታወቀ ዘር በስኒ አስለክተው ይወስዳሉ፣ ወይ ደግሞ ሐሳቡን ይተውታል።

ይህ ጉዳይ በገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በርበሬ በፈረሱላ ተገዝቶ በኪሎ፣ ስኳር በኩንታል ተገዝቶ በኪሎና በግማሽ ኪሎ የሚሸጠው በጅምላው መጠንና በጓዳው ፍላጎት መካከል ክፍተት ስላለ ነው። ቸርቻሪ የሚኖረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። በወልድያ፣ በመርሳና በሐራ የጓሮ አትክልት ሥራ ላይ ክፍተቱ አለ፤ ቸርቻሪው ግን እምብዛም አይታይም። ዘሩም፣ ፍጉም፣ ውኃውም፣ ምክሩም በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። የጠፋው የሚሰበስብ፣ የሚመዝንና ደጅ የሚያደርስ ሰው ነው። በከተማ ግብርና ላይ ገንዘብ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ዓይኑን ከቲማቲሙ አንስቶ ወደ ግብዓቱ ቢያዞር ይሻለዋል የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ የደሴ፣ የመቐለ፣ የጋሸናና የአፋር መንገዶች የሚገናኙባት የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 46 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፣ ሰፍታለች። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በስተደቡብ በደሴ መንገድ ላይ ሞቅ ባለ አየር ውስጥ የምትገኝ፣ በፍራፍሬ የምትታወቅ ከተማ ናት። ሐራ ደግሞ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ላይ ትገኛለች። ስሟ ራሱ ሥራዋን ይናገራል፤ ሰዉ ሐራ ገበያ ነው የሚላት። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እንዲህ ተቀራርበው መገኘታቸው ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ጋ የተረፈው ሌላው ጋ ይፈለጋልና።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ፎን ቱነን የሚባል ጀርመናዊ ባለርስትን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው ጥናት፣ ቶሎ የሚበላሽና ለማጓጓዝ የሚያስቸግር ምርት ወደ ከተማ ተጠግቶ እንደሚመረት፣ ተከማችቶ የሚቆየው ደግሞ ርቆ እንደሚሄድ አስረድቷል። ይህን ሚዛን ወደ ወልድያ እናምጣው። ሽንኩርት ይቆያል፤ በመስኖ ከሚለማው ከቆቦ ሜዳ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። የጓሮ አምራች ከዚያ ሽንኩርት ጋር በዋጋ ልወዳደር ቢል ይከስራል፤ በተለይ የመስኖው ምርት ባንድ ጊዜ በሚወጣበት በበጋው መጨረሻ። ቲማቲም መካከል ላይ ነው። ሰላጣና ቆስጣ ግን ጠዋት ተቆርጠው ማታ ይጠወልጋሉ። እነዚህ የከተማ ሰብሎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚሞተው ግን ከመደብ የተነቀለ ችግኝ ነው። በፎን ቱነን ሚዛን ከሄድን የከተማው እምብርት ላይ መቀመጥ ያለበት የችግኝ መደብ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ ሜትር ስፋትና አሥር ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ላይ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት መሥመር ቢወጣ 66 መሥመር ይሆናል። በየመሥመሩ በ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት 25 ችግኝ ቢቆም በጠቅላላው 1,650 ችግኝ ነው። አምስተኛው ይጥፋ እንበል፤ 1,300 ይቀራል። የቲማቲም ችግኝ በሜዳ ላይ በአንድ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ስለሚተከል ለ100 ካሬ ሜትር ጓሮ 330 ያህል ይበቃል። ስለዚህ አንዱ መደብ በአንድ ዙር አራት ጓሮ ያጠግባል። ቲማቲምና ጎመን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚበቃቸው፣ መደቡን ለማሳረፍና ለማደስ ጊዜ ተሰጥቶት እንኳ በዓመት አምስት ዙር ማውጣት ይቻላል። ከ6,500 ችግኝ በላይ ከአሥር ካሬ ሜትር ቦታ ማለት ነው። የአንዱን ችግኝ ዋጋ አንባቢ በከተማው ገበያ ጠይቆ ራሱ ያባዛው።

የችግኝ ንግድ ሌላም ጥቅም አለው። ዘር በመደብ ላይ ሲፈስ የቆርቆሮው ችግር ይፈታል፤ 40 ግራም የሚፈልጉት ወይዘሮ ዘር ሳይሆን የደረሰ ችግኝ ይገዛሉ። ዘርን ከፍቶ በትንንሽ ላስቲክ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ዘር ለመሸጥ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ያለ መለያ የተከፋፈለ ዘር ደግሞ ባይበቅል ተጠያቂ የለውም። በመልካሳ የምርምር ማዕከል በኩል የወጡትን አዳማ ሬድና ቦምቤይ ሬድ የመሳሰሉ የሽንኩርት ዝርያዎች መጠቀም የሚበጀውም ዘራቸው አገር ውስጥ ስለሚባዛ ነው። ዲቃላ ዘር በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን እንዳለፈ ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል። በዲቃላ ዘር ላይ የተመሠረተ የችግኝ ንግድ ሳያስበው ምንዛሪ ነጋዴ ይሆናል።

ወደ ፍጉ እንምጣ። ለአትክልት በሄክታር እስከ 20 ቶን የበሰበሰ ፍግ ይመከራል። ለ100 ካሬ ሜትር 200 ኪሎ፣ ማለትም በ50 ኪሎ ጆንያ አራት ጆንያ ነው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ለ25 ጓሮ ያደርሳል። ፍጉ ከየት ይመጣል ሲባል የነዳጅ ገበያውን ማየት ያስፈልጋል። በደጋው እበት ፍግ ሳይሆን ኩበት ነው። ዋጋውን የሚወስነው ምድጃው እንጂ ጓሮው አይደለም፤ ከማገዶ ጋር የሚሻማ ጓሮ ደግሞ ይሸነፋል። ወደ ቆላው ሲወረድ ግን እንጨት ስለሚቀርብ እበቱ ለእሳት ያን ያህል አይፈለግም፤ የግመሉ፣ የከብቱና የፍየሉ ፋንድያና በጠጥ በበረትና በገበያ ቦታ ይቀራል። ከሐራ ወደ ወልድያ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካለ፣ ጭነቱ እዚያ ተቀምጧል።

ይሁን እንጂ ፍግን በማዳበሪያ ዋጋ ልሽጥ የሚል ይሳሳታል። 200 ኪሎ ብስባሽ አንድ በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው፣ ያለው 2 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ስለሆነ ይህን የሚያህለው በአራት ኪሎ ተኩል ገደማ ዩሪያ ውስጥ ይገኛል። አራት ጆንያ በአራት ኪሎ ተኩል! ገዥው በናይትሮጅን ብቻ ካሰላ ብስባሹን አይገዛም። ብስባሹ የሚሸጠው ውኃ ስለሚይዝና የደረቀ የከተማ አፈር ስለሚያላላ ነው፤ ዋጋውም የሚያዋጣው የትራንስፖርት ወጪው ሲያንስ ነው። ስለዚህ ፍጉን ትኩስና እርጥብ ሆኖ ማጓጓዝ ውኃ በኪራይ መጫን ነው። እዚያው ሐራ ላይ ተበስብሶ፣ ደርቆ፣ ተነፍቶ ቢመጣ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ቆላው ሙቀት ስላለው፣ እየተገላበጠና እርጥበቱ እየተጠበቀ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይበቃዋል።

ከተማው ውስጥም ሰው የማያያቸው ነገሮች አሉ። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ፣ ከጫት ቤት ገረባ፣ ከወፍጮ ቤት ጥራጊ፣ ከጠላና ከአረቄ ቤት አተላ ይወጣል። አተላው ቀድሞውኑ ባለቤት አለው፤ ከብት አድላቢዎች ይቀራመቱታል። ገረባው ፍየል ከበላው የተረፈው ይጣላል። ሰጋቱራው ለብቻው አፈር ላይ ቢጨመር ናይትሮጅኑን እየሻማ ሰብሉን ያቀጭጫል፤ ከዶሮ ኩስ ጋር ተደባልቆ ሲበሰብስ ግን ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። የማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ግን የሚነካ አይደለም፤ ባትሪውና ላስቲኩ ሳይለይ የተበሰበሰ ቆሻሻ የሚሸጥ ሰው ለአንድ ዓመት ይነግድ ይሆናል፣ ለሁለተኛው ግን ደንበኛ አያገኝም።

ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው በውኃ ነው። በሞቃት ቀን አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። 100 ካሬ ሜትር ጓሮ 500 ሊትር፣ ማለትም በቀን 25 ጀሪካን ይጠጣል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን የሚቀዳ ቤተሰብ የለም። አሥር ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ ግን 50 ሊትር፣ ሁለት ጀሪካን ተኩል ይበቃዋል። የችግኝ ንግድን ያስቀደምንበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው፤ በአንድ ጀሪካን ውኃ የሚገኘው ገቢ ከፍ ይላል።

የጣሪያ ውኃም አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። በመርሳና በወልድያ መካከል ባለችው በስሪንቃ የዓመቱ ዝናብ በአማካይ 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ አምስተኛው ቢባክንበት እንኳ 36,000 ሊትር ያወርዳል። ችግሩ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም ጓሮው ውኃ በማይለምንበት ጊዜ መውረዱ ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ቢሞላ ለ100 ካሬ ሜትር ጓሮ 20 ቀን፣ ለችግኝ መደቡ ግን 200 ቀን ይሆናል። ሐራ ቆላ በመሆኗ ከዚህ ያነሰ ታገኛለች፤ ሙቀቷም የመደቡን ፍላጎት ይጨምራል።

የወንዝ ዳር ውኃ ርካሽ ነው ብሎ የሚነሣ ሰው አዲስ አበባን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በዋና ከተማዋ በሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን አሳይቷል። ወልድያ የአዲስ አበባን ያህል ፋብሪካ የላትም። ቢሆንም ከጋራዥና ከቄራ በታች ያለ ቦይ ንጹሕ ነው ብሎ ሰላጣ ማጠጣት ተገቢ አይደለም፤ በጥሬው የሚበላ ነውና።

ስለ መሬት ባለሀብቱ ማወቅ ያለበት አንድ ቁጥር አለ። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ሲፈቅድ፣ ለከተማ ግብርና የሚሰጠውን ዘመን ከ15 ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል። 15 ዓመት ለብርቱካን አትክልት አጭር ነው፤ ለችግኝ ጣቢያና ለብስባሽ ሜዳ ግን ከበቂ በላይ ነው። ታጥሮ ግንባታ የሚጠብቅ የሰው ቦታ በሁለትና በሦስት ዓመት ውል መከራየትም አንድ መንገድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ውል ደላላ ያስፈልጋል፤ የወልድያ ደላሎች ቤትና መኪና እንጂ ባዶ ቦታን ለአትክልት ማገናኘት ገና አልለመዱም። ውሉ ላይ ባለቤቱ ቦታውን ሲፈልግ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ማስገባት ብልህነት ነው። ሦስት ወር የአንድ ዙር ችግኝና የአንድ ዙር ብስባሽ ዕድሜ ነው።

ምክርን በተመለከተ አካባቢው ደሃ አይደለም። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል የሆነው የስሪንቃ ማዕከል በማሽላ ዝርያዎቹ የሚታወቅ ቢሆንም ስለ አፈሩ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ተባዩ የብዙ ዓመት መረጃ ያለው ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወቅት ከተዘረፉትና ከተጎዱት ተቋማት አንዱ መሆኑ ይታወሳል። መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ፣ ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲው አለ። በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ የሠራው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ደግሞ ጠብታ መስኖን በአካባቢው አስተዋውቋል። ምክሩ በነጻ ነው፤ ቢሮው ድረስ መሄድ ግን የጠየቀው ሰው ፈንታ ነው። የጓሮ ባለቤት ለ40 ግራም ዘር ሲል ስሪንቃ ድረስ አይሄድም። አንድ የግብዓት ነጋዴ ግን አንዴ ሄዶ የሰማውን ለ200 ደንበኛ ያካፍላል፤ ከኮሌጁ የተመረቀ አንድ ወጣት በሱቁ ቢቀጥር ደግሞ ምክሩ ራሱ ደንበኛ ይጠራለታል። ለመነሻ ገንዘብ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአብቁተ ወደ ባንክነት የተለወጠው ጸደይ ባንክ በክልሉ የቆየ የአነስተኛ ብድር ልምድ አለው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሳ ኩባ ነዳጅና ማዳበሪያ ባጣች ጊዜ፣ የሀቫና ነዋሪዎች ባዶ ቦታዎችን ወደ አትክልት ስፍራ ለወጡ። ስለ አትክልቶቹ ብዙ ተጽፏል። ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን ሌላው ክፍል ነው፤ በየሰፈሩ ዘር፣ ችግኝ፣ ብስባሽና መሣሪያ በትንሽ መጠን የሚሸጡ፣ በዚያውም ምክር የሚሰጡ ሱቆች ተከፈቱ። ያለ እነርሱ አትክልቱ አይዘልቅም ነበር። በአገራችንም በአዲስ አበባ የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርን የተመለከተና እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ የታተመ ጥናት፣ ቤተሰቦች ከማሳቸው እየበሉ የተረፈውን እንደሚሸጡ አሳይቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተት፣ ዕንቁላል፣ ዶሮና ማር በየቤቱ እንዲመረት የሚገፋ ነው። መርሐ ግብሩ ፍላጎት ይፈጥራል። ጫጩትና መኖ ግን በመርሐ ግብር ብቻ አይደርሱም፤ ከኮምቦልቻ የሚያመጣቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ስለ ዕንቁላል ካነሣን አንድ የአካባቢው ዕድል አለ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ወልድያ ላይ የወተትና የዕንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። ብዙ የዶሮ አርቢ የሚሰበረው በዚህ ወቅት ነው፤ ዶሮ አትጾምምና መኖው አይቆምም። የሐብሩ ሕዝብ ግን አብዛኛው ሙስሊም ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርድ አንድ መኪና ዕንቁላል አርቢውን ከኪሳራ ያወጣዋል። ሲመለስ በጾሙ የሚፈለገውን ቆስጣና ቃሪያ ቢጭን ኪራዩን ያካፍላል። ወሎ ለዘመናት አብሮ የኖረበት ነገር ለነጋዴ የገበያ ዋስትና ጭምር ነው።

አደጋው ምን ላይ ነው? አንደኛው መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የሚጠፋው በመጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ ዘርና መኖ ነው። ከቅርብ የሚገኝ ፍግና እዚያው የተፈላ ችግኝ በዚህ ረገድ የተሻለ ቢሆንም፣ ከሐራ ወልድያ መድረስ ካልተቻለ እርሱም ይቆማል። ስለሆነም ሙሉ ካፒታልን በአንድ መስመር ላይ ማዋል አይመከርም። በመርሳም በወልድያም ትንንሽ መደብ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ባቡሩ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ግንባታ በቱርኩ ያፒ መርከዚ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ፣ በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት፣ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት አልፈዋል። ሐራ ላይ ቦታ የያዘ ሁሉ የሚጠብቀው እርሱን ነው። ባቡሩ የገባ ዕለት ግን ከመተሐራና ከመርቲ አካባቢ የሚመጣ ሽንኩርትና ቲማቲም በርካሽ ኪራይ ሐራ ላይ ይራገፋል። በዚያን ጊዜ ገንዘቡን በሽንኩርት ማሳ ላይ ያዋለ ሰው ዋጋው ሲወርድበት ያያል። ሰላጣ የዘራው፣ ችግኝ ያፈላውና ብስባሽ ያከማቸው ግን አይነካም፤ ችግኝ በባቡር ተጭኖ ለሁለት ቀን አይቆይም፣ ብስባሽም ያን ያህል ርቀት ተጭኖ ኪራዩን አይከፍልም።